የዘምዘም ዘፈንና የእኔ ማኅተም

የራሱን ድምፅ በሰው ስልክ ውስጥ ድንገት የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላል፣ ቀጥሎ ያፍራል። እኔን የገጠመኝ ደግሞ የዛሬው ድምፄ አይደለም። ባለፈው ጥቅምት እዚሁ አዋሽ፣ ከቀትር በኋላ ሱቄ ደጃፍ ላይ በካርቶን ቁራጭ እያራገብኩ ተቀምጫለሁ። ጂንስ የለበሰች፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚከብድ ልጅ መጣችና «ጋሽ ታዴ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። ሌላ ምንም ሳትጨምር ከአሮጌ ካሴት የተገለበጠ ዘፈን ከፍታ ስልኳን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች። ባዶ ጄሪካን ሲመታ፣ አንዲት ሴት ስትዘፍን ሰማሁ፤ ከዚያ ጄሪካኑ ጸጥ አለና አንድ ደረቱን የነፋ ጎረምሳ «ታዴ ሙዚቃ ቤት! አዋሽ ሰባት!» ብሎ ጮኸ። ጎረምሳው እኔ ነኝ። ፀጉር የነበረኝ፣ ጥርሴ ያልጎደለ፣ ማንንም የማልሰማ እኔ። ካርቶኑ ከእጄ ወደቀ።

ልጅቷ ማህሌት ትባላለች። ዶክመንተሪ ፊልም ነው ሥራዋ። አሁን የምትሠራው ስለ ጅቡቲ መስመር ነው፣ ከአዋሽ እስከ ጋላፊ ስለሚመላለሱ ሾፌሮች፤ ውስጡ ግን አባቷ ነው ያለው። አባቷ ግርማ ተሳቢ ይነዳ ነበር፤ ልጅቷ አራት ዓመት ሳይሞላት ከዲቾቶ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገለበጠና በዚያው ቀረ። የተረፋት አንዲት አጭር ቪዲዮ ናት፤ ረዳቱ ከጅቡቲ በገዛት ትንሽ ካሜራ ጋቢና ውስጥ የቀረጻት። ግርማ መሪውን ይዞ ከካሴቱ ጋር ይዘፍናል፣ መጨረሻ ላይ ዞር ይልና «ማሂዬ፣ ቅዳሜ እገባለሁ፣ እንዳትተኚ» ይላል። ከዚህ በቀር የአባቷ ድምፅ በዓለም ላይ የለም። ፊልሙን ሊያሳዩላት የተስማሙት ሰዎች ታዲያ ወጥረው ያዟት፤ የዘፈኑን ባለቤት ፈቃድ በፊርማ አምጪ፣ ካልሆነ ዘፈኑን አውጪ። «ዘፈኑን ላውጣ ብል አባቴም አብሮ ይወጣል፣ ጋሽ ታዴ» አለችኝ። «ሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ ነው የተቀዳው። ባለሙያ ጋ ወስጄው ነበር፣ መለየት አልተቻለም። ዘፋኟን ብፈልግ የሚያውቃት አጣሁ። ዘፈኑ ላይ የሚሰማው ስም የእርስዎ ብቻ ነው።» አሥር ቀን ነው የቀራት። ፎርሙን ከቦርሳዋ አወጣች፤ «የዘፈኑ ባለመብት» ይላል፣ ከጎኑ ባዶ መስመር አለ።

እኔም ተቀበልኳት። መነጽሬን ፈለግኩ፣ እስክሪብቶ ፈለግኩ። አይ ሰው! ባለመብት የሚል ቃል ከስሜ አጠገብ ሊጻፍ ነው ብሎ ልቤ በዚህ ዕድሜው ሞቅ አለው። ግን እግሬ ከጠረጴዛው ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ነገር ሲኖርብኝ እንዲህ ያደርገኛል፣ ሟች ባለቤቴ «እግርህ ከአፍህ ቀድሞ ይናዘዛል» ትለኝ ነበር። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ» አልኳትና ተነሣሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እንደገና ተነሣሁ።

ያኔ፣ ዘፈኑ በወጣበት ዘመን፣ ሱቄ ከባቡር ጣቢያው ወደ አስፋልቱ በሚወጣው መንገድ ጥግ ላይ ነበር፤ ዛሬ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን የምሸጥበት ከእሱ ሦስተኛው ነው። ሰማያዊ ቀለም ቀብቼው በሩ ላይ ጊታር አሳልኩበት፤ ሾፌሮቹ «ታዴ፣ ይሄ ጭልፋ ምን ይሠራል?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ጊዜው አሰብ የተዘጋበት ነው፤ የአገሩ መኪና ሁሉ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞረ፣ አዋሽም እንቅልፍ አጣች። ሾፌሮቹ ሽርጥ አገልድመው፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው፣ በነጠላ ጫማ እየተጎተቱ ይወርዱና ከምሳ በፊት እኔ ጋ ይገባሉ። ባዶ ካሴት ስድስት ብር ነበር፣ ማስቀዳት ሦስት ብር፤ በዚያው ብር ፓስታ በሥጋ ይበላል። እኔ ከጅቡቲ የመጣ አበባ አበባ ያለው ሸሚዝ እለብሳለሁ፣ የማይሠራ የወርቅ ቅብ ሰዓት አስራለሁ፤ ሰዓት የጠየቀኝን ሰው ወደ ፀሐይ አይቼ ነበር የምመልስለት። ሙቀቱ ካሴት ያጣምማል፣ ስለዚህ ከውኃው እንስራ አጠገብ ደርድሬያቸው ነበር። የጋለ ፕላስቲክና የካሴት መቅጃው ዴክ ዘይት ሽታ አለ፣ ዛሬም ቻርጀር ሲግል አፍንጫዬ ላይ ይመጣና ያቁነጠንጠኛል።

የቅጂ መብት የሚባል ነገር ወሬውም አልደረሰንም። ከአዲስ አበባ አንድ ኦሪጅናል እገዛለሁ፣ በሁለት ዴክ ሌት ተቀን እቀዳለሁ፣ እሸጣለሁ። ዘፋኙ ምን ይበላል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም፤ ዘፋኝ ማለት ለእኔ ካሴቱ ላይ የተለጠፈ ፎቶ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ሚሌ ወርጄ አንድ ሙዚቃ ቤት የእኔን ቅጂ እየቀዳ ሲሸጥ ደረስኩበት። በምን አወቅክ አትበሉኝ፤ የእኔ ዴክ መሃል ላይ የምታኝካት ቦታ አለች፣ እሷው ናት። ጉድ በሉ እንግዲህ፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። በየምሳ ቤቱ «ሌባ ነው!» እያልኩ ዞርኩ፣ በሾፌሮችም ዛቻ ላክሁበት። የሰረቅኩትን ስለሰረቀኝ ማለት ነው። ማህሌት ይህን ስነግራት ሻይዋ ትን ሊላት ነበር፤ ሳቀች፣ መሳቋ ግን እኔን አላረጋጋኝም።

መድኃኒቱ ማኅተም ነበር። በዚያ ዘመን ሙዚቃ ቤቶች ሁሉ ያደርጉታል፤ ዴኩ ላይ ማይክ ትሰካለህ፣ ዘፈኑ ሲቀዳ የቤትህን ስም በላዩ ትጮሃለህ። ሙያው የት ላይ እንደምትጮህ ማወቁ ነው። መጀመሪያው ላይ ካልከው ሌላው ቆርጦ ይጥለዋል፣ መጨረሻውም እንዲያው። ሙዚቃው ሲደምቅ ካልከው ይዋጣል። መሣሪያው ዝም የሚልበትን፣ ሰው ጆሮውን የሚያቆምበትን ቦታ ፈልገህ እዚያ ላይ ማስቀመጥ አለብህ፤ ማኅተሙን ያነሣ ዘፈኑን ይገድላል። እኔ በዚህ ሥራ ከአዳማ ወዲህ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ቤቴና ከተማዬ ደግሞ ቤት ይመታሉ፤ ታዴ ሙዚቃ ቤት፣ አዋሽ ሰባት።

ዘምዘም ከሐርቡ የመጣች የወሎ ልጅ ናት፣ ከሱቄ ማዶ ባለው የሾፌሮች ምሳ ቤት ወጥ ትሠራ ነበር። ሽንኩርት እየላጠች ስታንጎራጉር ገበያተኛው ሁሉ ዝም ይላል። እኔ ድምፅ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የእሷን የመሰለ ግን አልሰማሁም፤ ሆድ ያባባ ነበር፣ ይህን አልደብቅም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«ታዴ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለችኝ። «አፋሮቹን መንገድ ላይ ሲገናኙ አይተሃቸዋል አይደል? ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ የማን ግመል ጠፋ፣ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ ይባባላሉ። ወሬው በእግር ሄዶ በሁለት ቀን አሳይታ ይገባል። እኔ ዳጉ የለኝም። ሾፌሮቹ ግን ካሴት አላቸው።»

ወንድሟ ጠፍቶባት ነው። ታች ወርዶ ጥጥ ለቀማ ገባ፣ ከእርሻው ደግሞ ከአንድ ጭነት መኪና ጋር ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ወሬ የለም። እናቷ በመጣ በሄደ ሰው «አገኘሽው ወይ?» እያለች ትልክባታለች። ዘምዘም ስሙን ዘፈን ውስጥ አስገባችው፤ ዘፈኑ ከአዋሽ እስከ ወደቡ በየጋቢናው ይዘፈናል፣ ወንድሟ ወይም የሚያውቀው ሰው ይሰማል። ሐሳቧ ይህ ነበር። ዛሬ ሳስበው በዚያ መስመር ላይ ከነበርነው ነጋዴዎች ሁሉ የምትበልጥ ጭንቅላት ነበራት።

በምሳ ቤቱ ጓሮ ቀዳኋት። ፍየሎቹን አባረርን፣ ዘምዘም የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ቢጫ ጄሪካን ጭኗ መሃል አደረገች። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«አስፋልቱ ረዘመ ከአዋሽ እስከ ጋላፊ፣
ወንድሜን አይተሃል ወይ አንተ መንገድ አላፊ።»

ከዚያ ጄሪካኑን መምታት ታቆምና ሁለተኛውን ግጥም በባዶ ድምፅ ትለዋለች፤ የወንድሟ ስም፣ የአባቱ ስም፣ አገሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። «እዚህ ላይ ጄሪካኑን የምተወው ስሙ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ነው» አለችኝ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልነገረችኝም ብዬ አልዋሽም።

በማግስቱ ማባዛት ጀመርኩ። ማይኩን ሰካሁ፣ ዘፈኑን አዳመጥኩ፣ ለማኅተም የሚሆን ቦታ ፈለግኩ። አንድ ቦታ ብቻ ነበር። መሣሪያ ዝም የሚልበት፣ ሰው ጆሮውን የሚያቆምበት። እጄ ሥራውን ያውቃል፣ ጭንቅላቴን አልጠየቀውም። ስሙ ሲጀምር ጀመርኩ፣ ስሙ ሲያልቅ ጨረስኩ። በሳምንቱ ካሴቱ እጄ ላይ አልቆይ አለ። «የጄሪካኗን ካሴት» እያሉ ይጠይቃሉ። ገዋኔ ላይ ልጆች ጭነት መኪና ሲያዩ «ታዴ ሙዚቃ ቤት!» እያሉ ይሮጡ ጀመር፤ ሾፌሮቹም ማኅተሙን የዘፈኑ አዝማች አደረጉት፣ ለምደውት እዚያ ቦታ ላይ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር። እኔ ሌላ አበባ ያለው ሸሚዝ ገዛሁ።

ዘምዘም የመጣችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ወንድሜን ምን አደረግከው?» አለችኝ።

«ማለት?»

«ስሙ ያለበት ቦታ ላይ አንተ ነህ ያለኸው።»

ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝና ሳቅሁ። «አንቺ ደግሞ! ዘፈንሽ ጋላፊ ደርሷል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ፊቷን ሳይ ደነገጥኩና ነገ ነይ፣ ማኅተሙን አንሥቼ ከዋናው ካሴት እንደገና እቀዳልሻለሁ አልኩ። ዋናው ካሴት ግን የለም። ባዶ ካሴት ጠፍቶ በነበረበት ሰሞን የሠርግ ዘፈን ቀድቼበታለሁ። ይህን ነግሬ እንደገና ዝፈኚልኝ ከምላት ነገ ነይ ማለት ቀለለኝ፤ ሦስት ጊዜ መጣች፣ ሦስት ጊዜ ነገ አልኳት። በሦስተኛው አንድ ሾፌር ያንኑ ካሴት እየገዛ ነበር። «ወንድሜ፣ ጄሪካኑ ዝም ሲል ማን የሚል ስም ይሰማሃል?» አለችው። «ታዴ ሙዚቃ ቤት ነዋ!» አለ ሰውየው፣ ደስ ብሎት። ዘምዘም ተሻግራ ወደ ምሳ ቤቷ ገባች። ብዙም ሳትቆይ ሻንጣዋን ይዛ በጭነት መኪና ወደ ታች ሄደች አሉ። ሚሌ ናት ተባለ፣ ቀጥሎ ዲቾቶ፣ በመጨረሻ ሰመራ። ያኔ ሰመራ ከተማ ልትሆን ነው እየተባለ ጥቂት ቤቶች ባዶ ሜዳ ላይ የሚሠሩባት ቦታ ነበረች። መንግሥት ቢሮውን ከአሳይታ ወደዚያ ሲያዞር እሷም ለሠራተኛና ለሾፌር ምግብ ቤት ከፈተች። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ለዘመድ ምርቃት ሰመራ ሄጄ በምግብ ቤቷ በኩል ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዙሬያለሁ።

እንግዲህ ፎርሙ ፊቴ ነው፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። አንድ ፊርማ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ልጅቷ አባቷን ታገኛለች፣ እኔ ባለመብት እባላለሁ፣ ማንም አይጎዳም ብዬ ለራሴ እያስረዳሁ ነው። ማህሌት ልታመሰግነኝ ፈልጋ «አባቴን ይዩት እስኪ» አለችና ቪዲዮውን ከፈተችው። ግርማን አስታወስኩት፤ የፊት ጥርሱ የተፈነቀለ፣ ሁልጊዜ ሁለት ካሴት የሚገዛ ሰው። ጋቢናው ይንገጫገጫል፣ ዘፈኑን አብሮ ይላል። ጄሪካኑ ዝም ሲል አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሣና በደስታ «ታዴ ሙዚቃ ቤት! አዋሽ ሰባት!» አለ፣ ከእኔ ድምፅ ጋር አንድ ላይ። ግርማ ደግ ሰው ነበር። የተሸፈነውን ስም ቢሰማ በየደረሰበት የሚጠይቅ ሰው ነበር።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅም። «ልጄ፣ ዘፈኑ የእኔ አይደለም» አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላና ተቆጣች።

«ለምን ነገሩኝ?» አለች። «ቢፈርሙ ምን ነበረበት? አሁንማ አውቄ አልሠራውም። እሷ እምቢ ካለችስ?»

«እምቢ ማለት መብቷ ነው።»

«የእኔ አባትስ?»

ነገ ጠዋት ሰመራ እንወርዳለን አልኳት። ነገ የሚለውን ቃል ስናገረው ራሴን ጎመዘዘኝ።

ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ተነሣን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተቁነጥንጬ አላውቅም፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «አባት፣ ወንበሩ ይቆረቁርዎታል እንዴ?» አለኝ። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ስሙ አይመጣልኝም። የዘምዘምን ወንድም ስም። አስፋልቱን እያየሁ እፈልጋለሁ፤ የሚመጣልኝ ሌላው ሁሉ ነው። ዘምዘም በዚያ ቀን የለበሰችው አረንጓዴ ሻሽ ይመጣልኛል፣ የጄሪካኑ ክዳን ቀይ እንደነበር ይመጣልኛል፣ የፓስታው ዋጋ፣ የሸሚዜ አበባ፣ ጓሮው ውስጥ ያለችው አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ ፍየል። አረጀሁ ብዬ ለሰው ትዝታ ስተርክ «አይ ጋሽ ታዴ፣ ምኑን ረሱት!» ይሉኛል። ይኸው ዋናውን ረስቼዋለሁ። ስሙን አንድ ቀን ብቻ ነው የሰማሁት፣ ከዚያ ወዲያ በራሴ ድምፅ ሸፍኜዋለሁ፤ እኔም እንደ ሾፌሮቹ የምሰማው ማኅተሙን ነው። ገዋኔን አለፍን። ዛሬ መኪኖቹ አዳዲስ ናቸው፣ ሾፌሩ ከጣት የምታንስ ፍላሽ ሰክቶ ሺህ ዘፈን ይሰማል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሚሌ ላይ የወረደው ወረደ፣ ቁርስ ተባለ፣ እኔ አልቀመስኩም። ያ ሙዚቃ ቤት የነበረበት ቦታ ዛሬ ጎማ ይሸጥበታል። ማህሌት መንገዱን ሙሉ ቪዲዮውን አልከፈተችም፣ ስልኳን ጨብጣ ብቻ ተቀምጣለች።

ሰመራ ስንደርስ የምሳው ግርግር አልፎ ነበር። የዘምዘም ምግብ ቤት በቆርቆሮ የተከለለ ትልቅ ዳስ ነው፣ ከኋላው ጥላ ያለው ጓሮ አለ። ከፊት አንድ ሁለት ሾፌሮች እየበሉ ነው፣ እሷ ጓሮው ላይ ምስር ትለቅማለች። ወፍራለች፣ ሻሿ ነጭ ሆኗል። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ የመጣሁበትን እንዴት እንደምጀምር ሳስብ እሷ ወደ ማህሌት ዞረች።

«ይሄን ሰውዬ ከየት አመጣሽው?» አለች።

ማህሌት ነገረቻት። ስለ አባቷ፣ ስለ ፊልሙ፣ ስለ ፎርሙ። ዘምዘም ምስሩን መልቀሟን ሳታቆም ሰማች። «ዘፈን ትቻለሁ፣ ልጄ» አለች ሲያልቅ። «ሐጅ አድርጌያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። እሱም ዘፈን አልነበረም፣ ጥሪ ነበር። ለጥሪ ደግሞ ፈቃድ የጠየቀኝ አልነበረም።»

«እናቴ፣ አንዴ ብቻ ይዩት» አለች ማህሌት፣ ስልኩን በሁለት እጇ አቅርባ።

ዘምዘም አየችው። እጇ ምስሩ ውስጥ ቆመ። የራሷን ድምፅ ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች፤ ጄሪካኑ ዝም ሲል፣ ግርማ ጣቱን ሲያነሣ፣ የእኔ ጩኸት ሲመጣ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ግርማ «ማሂዬ፣ ቅዳሜ እገባለሁ፣ እንዳትተኚ» አለ። ቪዲዮው አለቀ።

«ማሂ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ምስኪን። እሱ ምን አጠፋ፣ የሰማውን ነው ያለው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሚሌ ያለው ሙዚቃ ቤት ሄጄ ነበር፣ ታውቃለህ? እንደገና ቅዳልኝ፣ ስሙ እንዲሰማ አድርግ አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹እህቴ፣ ዘፈኑ የታዴ ነው፣ ማኅተሙን አልሰማሽም እንዴ? በአንድ ካሴት ሰበብ ሊገድለኝ ዝቶ ልኮብኛል፣ ከእሱ ጋር አታጣዪኝ› አለኝ። የገዛ ዘፈኔን። ዲቾቶም ወርጄ በአፌ ለሾፌሮቹ ስዘፍንላቸው ‹ስሙን ተሳሳትሽ› ብለው አረሙኝ።»

መሬቱን አየሁ። የሚሌውን ነገር አላውቅም ነበር። ከሁሉም እሱ ወጋኝ።

«ተገኘ?» አልኳት።

«አልተገኘም። ሞተም አልተባለም። እናቴ ስትሞት ‹አገኘሽው ወይ?› ብላ ነው የሞተችው።» ምስሩን ወደ ጎን አደረገች። «ስሙን ታስታውሰዋለህ?»

እዚያች ላይ መዋሸት ብችል እዋሽ ነበር። «አላስታውሰውም፣ ዘምዘም። ከአዋሽ እስከዚህ ስፈልገው መጣሁ። አጣሁት።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ራሷን ብቻ ነቀነቀች፤ ይሄንንም እንዳወቀችው ሁሉ። ከዚያ ለማህሌት እጇን ዘረጋች። «አምጪው ወረቀቱን። የአባትሽን ድምፅ አላስቀርብሽም። እኔ የቀረብኝ ይበቃል።»

ማህሌት ፎርሙን ያዘችላት። ዘምዘም ባለመብት በሚለው መስመር ላይ ስሟን ከነአባቷ ቀስ ብላ ጻፈች፣ ፈረመች። ማህሌት እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዘቻት። «የአንቺ አልቋል» አለቻት። «የቀረው የወንድሜ ነው። ፊልምሽ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቦታ አለሽ?»

«የፈለጉትን ያህል።»

«ከኋላው መሣሪያ እንዳይኖር። በባዶው ይሁን። እንድሪስ ይመር ነው፣ የሐርቡ ልጅ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። እህቱ ዘምዘም ሰመራ ናት፣ በሩ ክፍት ነው ይበል። የተሸፈነው በዚህ ሰውዬ ድምፅ ነው፣ በዚሁ ድምፅ ይውጣ።»

እንድሪስ ይመር። ስትለው ሁሉም መጣልኝ፤ በጓሮው፣ በባዶው ድምፅ እንዴት አድርጋ እንዳለችው መጣልኝ። አለቀስኩ። ማህሌት ከቦርሳዋ ማይክ አውጥታ ገመዱን ሰካች፣ ወደ አፌ አቀረበች። ማይክ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ ነው። «እንድሪስ ይመር» አልኩ። «የሐርቡ ልጅ…»

«ያኔ እንዲህ ቀስ ብለህ አልነበረም የጮህከው» አለች ዘምዘም።

ተነሣሁ። እንደ ድሮው አንድ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ደረቴ የቀረውን ያህል ነፍቼ ስሙን ጠራሁት። እንድሪስ ይመር፣ የሐርቡ ልጅ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ እህቱ ዘምዘም ሰመራ ናት፣ በሩ ክፍት ነው። ትንፋሽ አጥሮኝ ስጨርስ ከፊት ለፊቱ ክፍል የወንበር ድምፅ ተሰማ። ይበላ የነበረ አንድ ወጣት ሾፌር፣ እጁ ወጥ እንደነካው፣ በጓሮው በር ብቅ አለ።

«እናቴ፣ ማን ነው የጠፋው?» አለ።

ዘምዘም አጠገቧ ያለውን ዱካ ጎትታ አቀረበችለት።

«ተቀመጥ» አለችው። «ወንድሜ ነው።»